ንፋስ እንዳይመታው

ከዋጃ ወደ ቆቦ በሚሄደው ሚኒባስ፣ አነስተኛ ቢራ መጥመቂያ ያላቸው ሰውዬ ማቀዝቀዣ የሚጠግን ወጣት ይዘው ከፊቴ ተቀምጠዋል።

«ቢራው ታንከሩ ውስጥ ሞቀብኝ» አሉ።

«ቅዝቃዜውን ወደ ታንከሩ የሚወስደውን ፈሳሽ፣ ግላይኮሉን፣ ከውኃ ጋር ቀላቅለው ሞሉት?» አለ ወጣቱ።

«እንዳልከኝ።»

«ማቀዝቀዣውስ የት ነው ያለው?»

«ጓዳ። በሩን ቆልፌ መስኮቱን ደፍኜዋለሁ።»

«ለምን፣ ጋሼ?»

«ንፋስ እንዳይመታው ነዋ። ብርድ ልብስም ጣል አድርጌበታለሁ።»

«ጋሼ፣ የተፋውን ሙቀት እኮ ነው መልሶ የሚስበው። አየር ያግኝ ብዬ ስንቴ ልንገርዎት? ቢራው ሊበላሽ ነው።»

«አቧራውስ?»

«አቧራው ይጠረጋል» አለና ወደ እኔ ዞረ። «እስኪ ያንን መስኮት ይክፈቱልኝ፣ እኔም ልታፈን ነው።»

«ተው ልጄ፣ ንፋስ ይመታናል።»

ወደ መስኮቴ የዘረጋሁትን እጄን መልሼ ላቤን ጠረግሁ።