በሰው አፍ ይቅርታ የለም

በእኛ ጊዜ ልጅ እናቱን እንዲህ ብሎ አይጠይቅም ነበር፤ እኔ ግን ተጠየቅኩ። ታላቅ እህትህ በለጡ፣ ጥርሷን ገና እየቀየረች ሳለ፣ መጥታ ፊቴ ቆመችና፣ "እማዬ፣ የቱፋ እናት ስታናግርሽ ለምንድን ነው ደንቆሮ የምትሆኚው?" አለችኝ። አዎ፣ ጻፍ፣ "ደንቆሮ" ብለህ ጻፍ፣ አታሳምረው። ጽሕፈት ቤት ከገባህ ወዲህ ሁሉን ማሳመር ለምደሃል። እኔ ያልኩትን ብቻ ጻፍ።

አንቺም ሙሽሪት፣ ቀረብ በይ፣ ጨዋታው ላንቺ ነው። ከሸዋ መጥተሽ እዚህ ጎባ ከገባሽ ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ፤ ዛሬም ወተት የምታመጣው ሴት በር ላይ ቆማ ስትጣራ "እማዬ፣ ይምጡ፣ ምን እያለች ነው?" ትይኛለሽ። ምን ትላለች! ወተት የያዘች ሴት በሰው በር ላይ ቆማ ምን ትላለች! "ወተት" ነዋ የምትለው! አትቆጪ፣ ስድብ አይደለም። እኔም እንዳንቺው ነበርኩ፣ ለዚያ ነው የማወራሽ።

ባሻ፣ አማትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከጦሩ ጋር መጥተው አገሩ ከተያዘ በኋላ ከጎባ በላይ ካለው ተረተር ሥር መሬት ተመሩ፣ ተመሩና እኔንና በለጡን ከሸዋ አስመጡን። መሬቱ እንግዲህ ሰው ያለበት ነው። ባዶ አልነበረም። የቱፋ እናት ቤት ከእኛ አጥር ማዶ ነው፣ ከእኛ በፊት አያቷም እዚያው ነው የኖረች፤ እኛ ደርሰን በላያቸው ሰፈርን፣ እነሱም ገባር ሆኑ። እና ያቺ ሴት፣ እግዜር ያሳይሽ፣ በዚህ ሁሉ ላይ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጋ መጥታ ሰላም ትለኛለች። ሰላምታቸው ደግሞ እንደኛ "እንደምን አደርሽ" ተብሎ የሚያልቅ አይደለም፤ ልጆቹ፣ ላሞቹ፣ ጥጆቹ፣ ቀዬው፣ ዝናቡ፣ ሁሉም እንዴት አደረ ተብሎ ይጠየቃል፣ አንድ በአንድ ደግሞ መልስ ይጠበቃል። እኔ ምን ላድርግ? ራሴን ነቅነቅ አድርጌ ወደ ቤት እገባለሁ። ልጄ ይህን አይታ ነው ደንቆሮ ያለችኝ። እሷማ ከልጆቻቸው ጋር ስትራገጥ ውላ በአንድ ክረምት ቋንቋውን ጠጥታዋለች።

ታዲያ ባሻ አስተርጓሚ ነበራቸው። ስሙን ተዉት፣ ልጆቹ ዛሬም እዚሁ ከተማ አሉ። የዚህ ሰው ሙያ አንድ ብቻ ነበር፤ ባሻ መስማት የሚወዱትን መናገር። መጀመሪያ ገብስ ስንዘራ ባሻ ረባዳውን መሬት መረጡ፣ ጥቁር ነው፣ ያምራል ብለው። የቱፋ እናት ከባሏ ጋር መጣችና እጇን ወደዚያ ወደ ረባዳው እያመለከተች፣ ትከሻዋን እያቀፈች፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ብዙ ተናገረች፣ ኧረ ለፈለፈች። ያ አስተርጓሚ ጉሮሮውን ጠረገና፣

"ጌታዬ፣ ማሳው እጅግ ያምራል ትላለች" አለ።

"ይህን ሁሉ ጊዜ ይህንኑ ነው የምትለው?" አሉ ባሻ።

"ይህንኑ ነው ጌታዬ፣ አድንቃ አልበቃትም።"

"ታዲያ ምን ያንቀጠቅጣታል?"

"ግርማዎ ነው ጌታዬ።"

ግርማዎ! እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፣ ቋንቋ ባላውቅም ዓይን አለኝ፣ እና "ባሻ፣ ይህች ሴት ብርድ እያለች ነው የሚመስለኝ" አልኩ። "ሴት በእርሻ ምን አግብቷት!" አሉ። ገብሱ ፍሬ ሊይዝ ሲል ውርጭ መታው፣ ረባዳው በሙሉ ነጭ ሆኖ አደረ፣ ተረተሩ ላይ የዘሩት የእነሱ ደህና ነው። ያን ዓመት የገባር ገብስ በልተን ከረምን። ባሻም "የዚህ አገር አየር ተንኮለኛ ነው" አሉ። አየሩ! ኧረ እመቤቴ!

ያኔ ነው የቆረጥኩ። አባቴ በልጅነቴ ዳዊት አስደግመውኛል፣ ፊደል መለየት እችላለሁ፣ ከዚያ አልፌ የተማርኩት የለም፤ ነገር ግን ያለ አፍ የተፈጠርኩ አይደለሁም። በማግስቱ የቱፋ እናት አጥሩ ጋ ስትመጣ ውኃውን አነሳሁና አሳየኋት፣ "ቢሻን" አለችኝ። ወተቱን አሳየኋት፣ "አናን" አለችኝ። ድንጋዩን፣ እሳቱን፣ የአህያውን ጆሮ ሳይቀር አሳየኋት። ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። ስሳሳት ሆዷን ይዛ ትስቅና እንደገና ታስብለኛለች፣ እንደገና፣ እንደገና። መሸት ሲል በለጡ ታርመኛለች፣ "እማዬ፣ እንደሱ አይባልም፣ ከላሟ ጋር አይደለም እኮ የምታወሪው" እያለች። በልጅ መታረም እንዴት ያበሽቃል መሰለሽ!

ባሻንም ለመንኳቸው። "ባሻ፣ ቄሱ በበዓለ ሃምሳ ለሐዋርያት ሰባ ሁለት ልሳን ወረደላቸው ብለው ያስተምራሉ፣ አንቱ አንዲቱን ቢማሩ ምናለ?" ብላቸው፣ "ለእነሱ መንፈስ ቅዱስ ወረደላቸው፣ ለእኔ የተሰጠኝ ይህ ነው" ብለው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጠመንጃ አሳዩኝ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ትይዋለሽ? ዝም ትይዋለሽ። እኔም ዝም አልኩና መማሬን ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲያ ውርጭ የሚወርድበትን ከእሷ ሰማሁ፣ ላሞቹ ሆዳቸው ሲነፋ የሚጠጡትን ቅጠል ከእሷ ሰማሁ፣ ሮቤ ገበያ ስወጣ ማንም አላታለለኝም። ባሻ ግን እህሉ የተባረከው በእሳቸው ብልሃት ይመስላቸዋል!

አንተ ልትወለድ ስትል ነው እንግዲህ ነገሩ የመጣው። አዎ፣ አንተው ነህ፣ ጻፍ። ምጤ መጣ፣ የአገሬ ሴት በአቅራቢያ የለችም፣ ባሻ ደግሞ ግቢ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይላሉ። ያቺ የቱፋ እናት አጥሩን በርግዳ ገባችና ወገቤን ይዛ አዋለደችኝ። እኔ በማርያም እጮሃለሁ፣ እሷ በሼክ ሁሴን ትለምንልኛለች። እመቤቴ ማርያም የሁለታችንንም ሰማች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ወተት ይዛልኝ ትመጣለች።

አንድ ቀን ታዲያ አራስ ቤት ተኝቼ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ እናወራለን፣ በእነሱ ቋንቋ ነው፣ አሁን በደንብ ይወጣልኛል፣ የአስተርጓሚውን አነጋገር እያስመሰልኩላት በሳቅ እንፈርሳለን። ባሻ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ገቡ። አንደኛው ሰማና፣

"ባሻ፣ ሚስትህን ገባር አደረግሃት እንዴ? ወይስ አንተም ማታ ማታ በዚሁ ነው የምታወራ?" አለ።

ሳቁባቸው። ባሻ ፊታቸው ጠቆረ፣ "አንቺ ሴት፣ በቤቴ ውስጥ! በሰው ፊት!" አሉና በያዙት አለንጋ ትከሻዬን መቱኝ። አንድ ጊዜ ነው። አንተ ጡቴ ላይ ነበርክ። የቱፋ እናት የወተቱን ዕቃ ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ባሻን ትኩር ብላ አየቻቸውና ወጣች። እኔ ፈርታ ሄደች ብዬ አዘንኩ።

ያን ዕለት ጀንበር ዘቅዘቅ ስትል፣ ላም በሚታለብበት ሰዓት፣ የአገሩ ጥጃ ሁሉ ይጮሃል። አላቢ የለም። በማዶ በማዶ እልልታ ይሰማል፣ አንዷ ስትል ሌላዋ ትቀበላለች፣ ከዚያ ሴቶቹ መጡ። ተረተሩን ሞልተው መጡ። በቀኝ እጃቸው ሲንቄ ይዘዋል። ሲንቄ ማለት ቀጥ ያለች ቀጭን በትር ናት፣ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት፣ በቅቤ የምትታሽ። በግራ እጃቸው እርጥብ ሣር። እየዘፈኑ መጥተው በራችን ላይ ቆሙ። ወንዶቻቸው ራቅ ብለው ተቀምጠዋል፣ አንዱም አልተጠጋ።

"ሸፈቱ!" አሉ ባሻ። "በትር ይዘው መጡ! ምንድን ነው የሚሉት?"

አስተርጓሚው ላብ አሰመጠው። ነገሩን ያውቃል እኮ! አሳምሮ ያውቃል። ነገር ግን ማን ደፍሮ ለጌታው "ጥፋተኛው አንቱ ነዎት" ይላል? እና፣ "ጌታዬ፣ ግብር ይቀነስልን ነው የሚሉት" አለ።

"ግብር! ሴት ልከው ግብር!" ብለው ጠመንጃቸውን ከግድግዳው አወረዱ። ጓደኞቻቸውም የየራሳቸውን ከትከሻ አወረዱ። ሴቶቹ አይንቀሳቀሱም፣ ይዘፍናሉ። እኔ ከመኝታዬ ሆኜ ዘፈኑን እሰማለሁ፣ እሰማለሁ፣ ቃሉ አንድ በአንድ ይገባኛል፣ እና በውስጡ ግብር የሚል የለም። አራስ የሚል አለ። የመታ እጅ የሚል አለ።

ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ እመቤቴ ታውቃለች። አንተን አቅፌ በባሻ ጠመንጃና በሴቶቹ መካከል ገባሁና የቱፋን እናት፣ "ምነው? ለምን መጣችሁ?" ብዬ በቋንቋዋ ጠየቅኋት።

"ሲፍ ዹፍኔ" አለችኝ። ላንቺ ነው የመጣነው።

ለእኔ! ለባለ ጠመንጃው ሚስት! ከዚያ ነገረችኝ፤ በእነሱ ዘንድ አራስ ላይ እጁን ያነሳ ሰው በሴቱ ሁሉ ላይ እንዳነሳ ነው፣ ይቅርታ ብሎ ጊደር እስኪሰጥ ድረስ አንዲት ሴት ቤቷ አትገባም፣ ላም አታልብም፣ እሳት አታነድም። አራሷ ከየትም ትምጣ፣ የማንም ሚስት ትሁን። እንባዬ መጣ። መጣና መልሼ ዋጥኩት፣ ጊዜ የለማ! ዞርኩና፣

"ባሻ፣ ግብር አይደለም። ስለመቱኝ ነው" አልኳቸው።

"ምን?"

"አራስ ስለመቱ። ስለ እኔ ነው የመጡት፣ ይቅርታና አንዲት ጊደር ይላሉ።"

ባሻ አስተርጓሚውን አዩት። አስተርጓሚው ጫማ የሌለው እግሩን ያያል። ጓደኞቻቸው እርስ በርስ ተያዩና ጠመንጃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ አንደኛውማ ያ የቀለደው፣ በጓሮ በኩል ውልቅ አለ። ባሻ ቆሙ፣ ቆሙ፣ እኔን አዩ፣ አንተን አዩ። ከዚያ ለአስተርጓሚው፣ "በላቸው እንግዲህ፣ አጥፍቻለሁ በላቸው፣ ጊደሯንም ይውሰዱ በል" አሉት።

እሱ አፉን ሳይከፍት የቱፋ እናት ሲንቄዋን ከፊቱ ዘረጋች። ነገሩን ከሁኔታቸው አውቃለች። "በሰው አፍ ይቅርታ የለም፣ የመታው እጅ የራሱ ነው፣ አፉም የራሱ ይሁን" አለች። እኔ ይህን ለባሻ ነገርኳቸው።

"ታዲያ እኔ ቋንቋውን ከየት ላምጣው!" ብለው ጮኹ።

ከየት ላምጣው! ይታይሽ! ስንት ጊዜ ለመንኳቸው! እዚያው፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት፣ "ዺፈማ ይበሉ፣ ይቅርታ ማለት ነው" አልኳቸው። "ዲ... ዲፋ..." አሉ። "ዺፈማ።" "ዲፋማ።" ከኋላ አንዲት አሮጊት ሳቀች። እንደገና አልኳቸው፣ እንደገና፣ ልክ የቱፋ እናት እኔን እንዳስባለችኝ። በመጨረሻ ወጣላቸው። አፋቸው የተንሻፈፈ ቢሆንም ወጣላቸው። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሣሩን ደጃችን ላይ አኖሩ፣ አንተን በየተራ መረቁህ። ጊደሯን ሊያርዷት ነድተው ሄዱ፣ እኛ እርዳቸውን አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም፣ ያን ማንም አልተቀየመም። ወዲያው በየቀዬው የጥጃው ጩኸት ጸጥ አለ።

ያን ምሽት ዳዊቴን ደገምኩና ተኛሁ።

በነጋታው ጠዋት ባሻ ተነስተው፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ "ቁርሴን አምጡ" አሉ። በለጡ ቂጣውን በሰፌድ ይዛ ቆማለች። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ አንተን አጠባለሁ። "ቁርስ አልኩ እኮ! አትሰሚም?" አሉ። ዝም። "አንቺ ሴት፣ ደነቆርሽ እንዴ?" አሉ። በለጡ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ዝም። ወጡ፣ ግቢውን ዞሩ፣ አስተርጓሚውን ተጣሩ፣ ከየት ይመጣል! ተመልሰው ገቡ። በራፉ ላይ ቆመው ቂጣውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ወደ በለጡ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር አንሾካሾኩ፣ እሷም መልሳ አንሾካሾከችላቸው። ቀና አሉና ጢማቸውን ጠረጉ።

"ኛታ... ና... ኬኒ" አሉ። ምግብ ስጪኝ ማለት ነው።

በለጡ እኔን አየችኝ።

"ስጫቸው" አልኳት። "አሁን ሰማሁ።"