የማይሰማው አምላክ

ከያዮ ወደ መቱ በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ወጣት፣ ጓደኞቿ የሁለት ጎሳ ጦረኞች እየሆኑ የሚጫወቱትን የፈጠራ ጨዋታዋን አጠገቧ ለተቀመጡ አዛውንት ታስረዳለች።

«ሁለቱ ጎሳዎች የሚያመልኩት አንድ አምላክ ነው፣ ጋሼ። ፏፏቴ ሥር ይኖራል።»

«እንደ ሶር ፏፏቴ ያለ?»

«ሶርን አይቼ ነው የፈጠርኩት። የውሃው ጩኸት ጆሮውን ደፍኖታል።»

«ታዲያ ጸሎት እንዴት ይሰማል?»

«አይሰማም፤ ያያል። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ነው የሚለምኑት።»

«ጦርነት ላይስ? ሁለቱም ድል ስጠን ማለታቸው አይቀርም።»

«ጦር የያዘ እጅ አይለምንም። መጀመሪያ መጣል አለበት።»

«ያ ዋቃ! ይሄንን ራስሽ ነሽ ያሰብሽው?»

«ራሴ ነኝ።»

«ማን አሸነፈ ታዲያ?»

«እስካሁን ቀድሞ የጣለ የለም።»

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ» ማለቱን ትቼ፣ የያዝኩትን ፌስታል ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሁለት እጄን ወደ ረዳቱ ዘረጋሁ።