በታላቅ ወንድማቸው ማሊያ የኖሩት የአቶ ተካ ሠርፀ ዜና ሕይወት

ክቡራን አባቶቻችን ካህናት፣ የዕድራችን ዳኛና አባላት፣ ከአኖ፣ ከኑኑ ቁምባና ከአዲስ አበባ ድረስ መንገድ ሳይበግራችሁ ልታስተዛዝኑን የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ ከዚህ ሣጥን አጠገብ ቆሜ የማነብላችሁ የአቶ ተካ ሠርፀን የሕይወት ታሪክ ሲሆን፣ አንባቢው እኔ ታላቅ ወንድማቸው ማዘንጊያ ሠርፀ ነኝ። ከእኔ ቀጥሎ የባለቤታቸው ወንድም ቀነዓ በአፋን ኦሮሞ ያነብላችኋል። የዕድሩ ሰዎች እንደ ወጉ በአንቱታ እንዳነብ፣ ቁጣዬንም ከቤት አስቀምጬ እንድመጣ አደራ ብለውኛል። አንቱታውን እሞክራለሁ። ስለ ቁጣው ግን ቃል አልገባሁም፤ በጀርባዬ አዝዬ፣ ንፍጡን ጠርጌ ያሳደግሁትን ልጅ አንቱ ማለት በራሱ የሚያናድድ ነገር ነው።

አቶ ተካ ሠርፀ፣ ከሸዋ ከቡልጋ ለፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተመድበው መጥተው በዚሁ ከቀሩት ከአባታቸው ከአቶ ሠርፀ መሸሻና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገኘሁሽ አስማረ፣ በነቀምቴ፣ ዛሬ በከኒሳ ቀሴ ክፍለ ከተማ በሚባለው ሰፈር በ1955 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጨረሻ ልጅ በመሆናቸው ወተቱም፣ ከመደቡ የተሻለው ጎንም፣ የአባታችን ጉልበትም የእሳቸው ነበር። እኔ አቤቱታ ባሰማሁ ቁጥር እናታችን ነፍሷን ይማርና "ትንሽ ነው፣ ተውለት" ትለኝ ነበር። ተውኩለት። ወተቱን ተውኩለት፣ መደቡን ተውኩለት፤ እስከ ትናንት ድረስ ያልተውኩለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት በደረሰ ጊዜ በዚሁ በነቀምቴ ከተማ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ትተው የልብስ ስፌት ሙያ ተምረዋል፤ በዚህ ሙያም እጃቸው የተባረከ ስለነበር፣ ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት መካከል እሳቸው የሰፉትን የደንብ ልብስ ለብሶ ትምህርት ቤት ያልሄደ ጥቂት ነው። የሚገባቸውን አልነፍጋቸውም። የእኔም የሚገባኝ እንዳይነፈገኝ እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በ1966 ዓ.ም. በመብራት ኃይል የነቀምቴ ቅርንጫፍ የመስመር ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ላይ በስሙ የሚጠራ የእግር ኳስ ክለብ ስለነበረው፣ እንጀራዬን የምበላበት ቤት ክለብ የእኔም ክለብ ነው ብዬ፣ በመጀመሪያ ደመወዜ ሬዲዮ ገዝቼ፣ ከግቢያችን ባሕር ዛፍ ጫፍ ድረስ ሽቦ ዘርግቼ፣ እሁድ እሁድ ጨዋታ ማዳመጥ ጀመርኩ። አቶ ተካ በዚያን ጊዜ ከጠረጴዛው ሥር ተኝተው፣ ጎል ሲገባ ጭንቅላታቸውን ከጠረጴዛው የሚያጋጩ ልጅ ነበሩ። እንግዲህ ይህን ክለብ ከነቀምቴ ምድር ያስገባሁት፣ ለአቶ ተካም ስሙን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ታሪክ ነውና ይሰመርበት።

በ1984 ዓ.ም. ከዋናው መሥሪያ ቤት ለቅርንጫፋችን አንዲት የክለቡ ማሊያ ተላከች፤ ዕጣ ወጣና ለእኔ ደረሰችኝ። በሚቀጥለው ዓመት ክለቡ ትልቅ ጨዋታ እንዳለው ስሰማ ፈቃድ ሞልቼ፣ ከአውቶቡሱ ቦታ ይዤ፣ ማሊያዋን በካውያ ተኩሼ ወንበር ላይ አንጥፌ ሳበቃ፣ በዋዜማው የተነሣው ነፋስ አኖ ላይ የመብራት ምሰሶዎችን ጥሎ ዋለ። ፈቃዴ ተሰረዘ። መሰላሉን ተሸክሜ ከቤት ስወጣ አቶ ተካ ወደ ማሊያዋ እያዩ "እንግዲህ ማሊያዋ እንኳ ትሂድ" አሉ። እናታችን ምን እንዳለች ታውቁታላችሁ።

በማግሥቱ ጠዋት አኖ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ምሰሶ ላይ ታስሬ ሽቦ ስወጥር አውቶቡሱ መጣ። አቶ ተካ ከነወገባቸው በመስኮት ወጥተው፣ የእኔን ማሊያ ለብሰው፣ በሁለት እጃቸው እያውለበለቡ "ጋሼ! ጋሼ!" እያሉ ከሥሬ አለፉ። ወገኖቼ፣ ያን ቀን ቀናሁ። ፒንሳውን ልወረውርባቸው ቃጥቶኝ ነበር፤ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ተውኩት። የንስሐ አባቴ ቅንዓት አጥንትን ያነቅዛል ይሉኛል፤ የእኔ አጥንት ግን ነቅዞም ቢሆን እስከ ጡረታዬ ምሰሶ አውጥቶኛል።

ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ፊታቸው በፀሐይ ተቃጥሎ፣ እንደ ሙሽራ እየሳቁ ነበር። በስታዲየሙ "ከማን አንሼ" በሚባለው ቦታ መቀመጣቸውን፣ ሣሩ ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል፣ ሕዝቡ ሲነሣ ሲሚንቶው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ለሰፈሩ ሁሉ ተረኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው "ተካ መብራት" ሆነ። እስቲ ፍረዱኝ፤ መብራቱን የምቀጥለው እኔ፣ መብራት የሚባሉት እሳቸው! እኔ በገበያ የምታወቀው "ኦቦሌሳ ተካ"፣ የተካ ወንድም እየተባልኩ ነው። ማሊያዬን መልስ ስላቸው "ይታጠብና"፣ ታጥቧል ስላቸው "ክንዱ ተተርትሯል፣ ልስፋውና" ይሉኛል፤ ልብስ ሰፊ መቼም ቀጠሮ አያጣም። ስለ ኳስ ልናገር አፌን ስከፍትም "አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል" ብለው ያስቁብኛል።

በ1987 ዓ.ም. የኑኑ ቁምባ ተወላጅ ከሆኑት ከወይዘሮ ሊሊሴ ጉደታ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመዋል። ሽምግልና የሄድኩት እኔ ነበርኩ። የልጅቱ አባት ኦቦ ጉደታ "ልጁ ምን አለው?" ብለው ሲጠይቁ "አንድ የስፌት መኪናና የእኔ ማሊያ አለው" ብዬ መልሻለሁ፤ እሳቸውም ስቀው ልጃቸውን ሰጡ። በሠርጉ ቀን ሙሽራው ከሸሚዛቸው ሥር ምን እንደለበሱ መናገር አያስፈልገኝም። በትዳራቸውም አላዛርንና ብፅዓትን አፍርተው፣ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

ቴሌቪዥን ከመጣ በኋላ ደግሞ የእኔ ነገር ባሰ። ጨዋታ ሲተላለፍ ሰዉ ሁሉ ከአቶ ተካ ስፌት ቤት ይሰበሰባል፤ መሐል ላይ መብራት ይጠፋል፤ "ተካ፣ ወንድምህን ጥራ!" ይባላል፤ እኔ መጫሚያዬን አጥልቄ ምሰሶ ላይ እወጣለሁ። ስቀጥለው ጎል ይገባል። እነሱ ጎሉን ያያሉ፣ እኔ ጩኸቱን ከሰማይ ሥር ብቻዬን ሆኜ እሰማለሁ። አቶ ተካ ወደ ሬዲዮ የስፖርት ዝግጅት እየደወሉ "የነቀምቴው ተካ" ተብለው በአገር ሲታወቁም፣ አንድ ቀን እንኳ ስሜን ይጠራሉ ብዬ ጆሮዬን ከሬዲዮው ለጥፌ እጠብቃለሁ፤ "ከዚህ ክለብ ጋር ያስተዋወቀኝ ታላቅ..." ሲሉ መስመሩ ይቆረጣል። እኔ ዕድሜ ልኬን መስመር ስቀጥል ኖሬ፣ የሚቆረጠው እኔ ጋ ሲደርስ ነው!

ለምን አንተም አልሄድክም የሚለኝ አይጠፋም። አቶ ተካ ጨርቅ ለመግዛት መርካቶ ሲወርዱ በዓመት አንዴም ቢሆን ስታዲየም ይገቡ ነበር። እኔ ግን ዝናብ ሲመጣ ተረኛ፣ ዓመት በዓል ሲመጣ ተረኛ ሆኜ ኖርኩ። ጡረታ ስወጣ መንገዱ ሰላም አጣ፤ መንገዱ ሲከፈት ስታዲየሙ ለዕድሳት ተዘጋ። የእኔ ክለብ እንዲያው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆና ቀረች። ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ ሲወርድ የከተማው ወጣት የእንግሊዝ አገር ማሊያ ለብሶ ሲሳለቅባቸው፣ አቶ ተካ "ሰው እናቱ ታመመች ብሎ እናት ይለውጣል እንዴ?" ብለው በዚያችው በተጣጣፈች ማሊያ ከሱቃቸው በር ላይ ቁጭ ይሉ ነበር። በዚህ እንኳ ቀንቼባቸዋለሁ፤ እኔ ያን ሰሞን ሬዲዮውን ዘግቼ ነበርና።

አቶ ተካ ባደረባቸው የስኳር ሕመም ለዓመታት ሲታከሙ ቆይተው፣ ሕመሙ ኩላሊታቸውን ከነካ ወዲህ ከአልጋ ውለዋል። ከሰዓት በኋላ ሬዲዮዬን ይዤ እየሄድኩ አብረን እናዳምጥ ነበር። ባለፈው እሁድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲተኙ ጊዜ "ማሊያዬስ?" አልኳቸው፤ ለመቆስቆስ ነው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ ብለው "ይታጠብና" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ከአፋቸው ሌላ ቃል አልሰማሁም፤ ትናንት ጎህ ሲቀድ፣ በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ሊሊሴ ማሊያዋን አጥፈው ድንኳኑ ውስጥ ከፊቴ አስቀመጡልኝ። "ኦቦ ማዘንጊያ፣ ያንተ ናት፤ ከእሱ ጋር ትሂድ ወይስ ትወስዳታለህ?" አሉኝ። እወስዳታለሁ አልኩ። አላፍርበትም፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታል የጠየቅኳት። ደጋግመው ከመጣፋቸው የተነሣ ከእኔዋ ማሊያ የቀረው አርማዋ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ብብቴ ሥር ከትቼ ቁጭ አልኩ።

ሊመሽ ሲል፣ ያው ከዚያ የቆሙት አቶ ጫንያለው የክለቡን ደጋፊዎች ወክለው ከአዲስ አበባ ደረሱ። ከአቶ ተካ ጋር በስታዲየሙ አብረው ሲቀመጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ከእንባቸው ረጋ እንዳሉ ከብብቴ ሥር የወጣችውን እጅጌ አይተው "ይቺ የታላቅየው ማሊያ አይደለችም እንዴ?" አሉ። የቱ ታላቅየው? አልኩ። ከዚያ የነገሩኝን እነሆ ለእናንተም እነግራለሁ።

አቶ ተካ ማሊያዋን ለብሰው እስከ ስታዲየሙ በር ይመጣሉ። "ከማን አንሼ" ሲደርሱ ያወልቋትና ከጎናቸው ሲሚንቶው ላይ ያነጥፏታል፤ እሳቸው በሸሚዝ ብቻ ይቀመጣሉ፣ ብርድም ቢሆን ዝናብም ቢሆን። ሰው ሊቀመጥ ሲመጣ "ተይዟል፤ ታላቅ ወንድሜ መብራት ሊቀጥል ወጥቶ ነው፣ አሁን ይመጣል" ይላሉ። ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሰው መቆሚያ ባጣበት ቀን ተሰድበዋል፣ ተገፍተዋል፣ አንድ ጊዜም ሊደበደቡ ነበር። ቦታዋን ግን አልለቀቁም። በመጨረሻ ሰዉ ለመደው፤ ያች ደረጃ "የታላቅየው ቦታ" ተባለች፣ እሳቸው በሌሉበት ቀን እንኳ የሚያውቃት ሰው አይቀመጥባትም ነበር አሉኝ። ማሊያዬን የማይመልሱልኝ ለዚህ ኖሯል። አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም።

ይህን ስሰማ የተጽናናሁ የሚመስላችሁ ካላችሁ አታውቁኝም። አለቀስኩ፤ ከዚያም ቀናሁ። በጨርቋ ቀናሁ! እሷ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ያን ሁሉ ዓመት እሱን ስታይ፣ እኔ አኖ ምሰሶ ላይ ነበርኩ።

አቶ ተካ ሠርፀ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሊሊሴ ጉደታን፣ ልጆቻቸውን አላዛርንና ብፅዓትን፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ በርካታ የሙያ ተማሪዎችን፣ እንዲሁም አንድ ታላቅ ወንድም ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችሁ፣ ዛሬም አፈር ልታለብሱ ለቆማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ገለቶማ።

ዛሬ ጠዋት ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ካህናቱን አስፈቅጄ ማሊያዋን መለስኳት። በግንዙ ላይ አልደረብኳትም፤ ከጎኑ፣ በቀኝ በኩል፣ እሱ እንደሚያደርገው አድርጌ አነጠፍኳት። እማዬ፣ ይኸው ተውኩለት። ተካ ወንድሜ፣ ዛሬም የእኔን ማሊያ ይዘህ ቀድመኸኝ ሄድክ፤ ዛሬም እኔ ቆሜ አሳለፍኩህ፤ ያናደድከኝ ሳያንስ አስቀናኸኝ። ማንም ቢጠይቅህ የምትለውን ታውቃለህ።

እግዚአብሔር አምላክ የአቶ ተካ ሠርፀን ነፍስ ከደጋጎች አባቶች ጋር በዕረፍት ያስቀምጥልን፤ ከጎናቸው የተነጠፈችውን አንዲት ቦታ ግን ለማንም አይስጥብኝ፤ እየመጣሁ ነው። አሜን።