ወይዘሮ የሺ ለልጃቸው ያልነገሩት

ወይዘሮ የሺ ቤት ውስጥ «ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ነው» ብለው ወጥተው የወጌሻው ግቢ በር ላይ ሲደርሱ፣ ከውስጥ የሚወጣው ሰው የጎረቤታቸው የአቶ ባዬ ልጅ ሳምሶን ሆነና ክው አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ግድ አልነበራቸውም፤ ይህ ልጅ ግን በትልቁ ሆስፒታል የኩላሊት ሐኪም ነው። ስንቱን ተማሪ ያንቀጠቀጡ ጡረተኛ መምህርት፣ ራሳቸው ፊደል ባስቆጠሩት ልጅ ፊት ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ያበጠ ጎናቸውን ሸፈኑ።

«እትዬ የሺ! ደህና ነዎት? አባባ እግሩ ወለም ብሎት ይዤው መጥቼ ነው። እርስዎስ ምን ገጠመዎት?»

«ወገቤን ነው ልጄ። ታሽቼ እገባለሁ።»

«ወገብዎን ብቻ? ፊትዎም ጠቁሯል እኮ።»

«ጨጓራም አለብኝ። ጨጓራ የሌለበት ማን አለ?»

እውነታቸውን ነው፤ በአገራችን ጨጓራ የማይሸፍነው ገመና የለም። ወንድማቸው ተፈራ ሲሞትም «ጨጓራው ነው» ተብሎ ተለቅሷል። ሆዱ በግራና በቀኝ ተነፍቶ፣ ሽንቱ ደም ሆኖ እንደ ነበር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሳምሶን በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃቸው። «ሽንትዎ ቀልቶ ያውቃል?»

«ማን ነገረህ?» አሉ በድንጋጤ።

«ማንም። መጠየቅ ሥራዬ ነው።»

ግራና ቀኝ ገልመጥ ገልመጥ አሉና ተናዘዙ። ዓምና በአልትራሳውንድ ሲታዩ ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ውሃ በቋጠሩ ከረጢቶች ተሞልተው ተገኙ። ሐኪሙም «በዘር የሚተላለፍ ነው፤ ኩላሊት ስፔሻሊስት ዘንድ ይሂዱ፤ ልጅዎንም ያስመርምሩ» ብሏቸው ነበር። አልሄዱም፤ ለልጃቸው ለሜሮንም ትንፍሽ አላሉ።

«ለምን እትዬ?»

«ለሜሮን ሽማግሌ ሊላክ ነዋ! የናትናኤል ቤተሰቦች ዘር የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው። ኩላሊት ክፍል በር ላይ ተሰልፌ አንዱ ዘመዳቸው ቢያየኝ ልጄን ማን ይወስዳታል? ደግሞስ አይድንም አሉ። የማይድን ነገር አውቃ ዕድሜዋን በሥጋት ትጨርስ? ተፈራን የኩላሊት እጥበት እንኳ አላተረፈውም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን ማሽን ልጄ ላይ ከማይ እኔን ያስቀድመኝ!»

«ተፈራን የጎዳው መዘግየቱ ነው። አልዋሽዎትም፤ በሽታውን ነቅሎ የሚጥል መድኃኒት የለም። ግን ኩላሊቱን ቶሎ የሚያደክመው የደም ግፊት ነው፤ እሱን በኪኒን እንይዘዋለን። ክትትል ያለው ሰው ብዙ ዓመት ከእጥበት ርቆ ሊኖር ይችላል፤ ጭራሽ የማይደርስበትም አለ። እርስዎ ግን ለወገብዎ ምን ይወስዳሉ?»

«ከፋርማሲ ማስታገሻ እገዛለሁ።»

«አብዛኛው የወገብ ማስታገሻ ኩላሊት ይጎዳል። አሁን ደግሞ ያንን ጎን ሊያሳሹ! ከረጢቱ ቢፈነዳ እኮ ውስጥዎ ይደማል።»

«እኔ አርጅቻለሁ፤ ለራሴ አይደለም የምፈራው።»

«አውቃለሁ። ሜሮን ራሷን ያማታል?»

ሜሮን ከባንክ ሥራዋ በገባች ቁጥር ግንባሯን በሻሽ ጠፍንጋ ነው የምትተኛው። «ኮምፒዩተሩ ነው» እያሉ ፓናዶል የሚሰጧት እሳቸው ናቸው።

«ግፊቷ ተለክቶ ያውቃል?»

«አንድ ፍሬ ልጅ ምን ግፊት አላት!»

«በዚህ በሽታ በልጅነትም ይመጣል። የመውረስ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ነጻ ልትሆን ትችላለች። ካለባት ግን እኛ ዝም ባልን ቁጥር ኩላሊቷ ይጎዳል። ናትናኤል ዛሬ ባይሰማ፣ ነገ አርግዛ ግፊቷ ሲያሻቅብ ይሰማል። ያኔ ልጅዎን ምን ይሏታል?»

እስከዚያች ሰዓት ሲፈሩ የኖሩት የሰው አፍ ነበር፤ አሁን የፈሩት ራሳቸውን ነው። ወጌሻው ከውስጥ «ይግቡ እማማ» ሲል እንኳ ዞር ብለው አላዩትም። ባጃጅ ጠርተው ቀጥታ ወደ ሜሮን መሥሪያ ቤት ሄዱ።

በማግስቱ እናትና ልጅ ሳምሶን ፊት ቀረቡ። የሜሮን ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። በአልትራሳውንድ ሲያያት ቆየና «ከረጢቶች አሉ፤ ግን ትንንሽ ናቸው» አለ። «ኩላሊትሽ ሥራውን በደንብ እየሠራ ነው። ኪኒኑን ዛሬውኑ ትጀምሪያለሽ።»

ሜሮን ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ያንን ሁሉ ፓናዶል ስትሰጪኝ ታውቂ ነበር?»

«እጠረጥር ነበር» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ተንሰቀሰቁ። ሜሮን እጇን አልሰጠቻቸውም። ለቀናትም ከ«እሺ» እና ከ«አይ» በቀር አላናገረቻቸውም፤ እሷም እውነቷን ነው። ኪኒኑን ግን ዋጠች፤ ከሳምንታት በኋላ ሻሹ ከግንባሯ ወረደ። ወይዘሮ የሺም ማስታገሻውንም መታሸቱንም እርግፍ አድርገው ትተው ክትትል ጀመሩ።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት፣ የናትናኤል አባት አቶ ሙሴ ልጅቷን ጠይቀው እንደ ጨረሱ ወይዘሮ የሺ ብድግ አሉ።

«መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ስሙኝ። በዘራችን የኩላሊት ሕመም አለ። እኔ አለብኝ፤ ልጄም አለባት። የምትወልደውም ሊወርሰው ይችላል። ናትናኤል ከራሷ አፍ ሰምቷል፤ እናንተ ደግሞ ከኔ ስሙ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቀርቅሮ ጣቶቹን ማፍተልተል ያዘ። ሜሮን በጓዳው በር ተደግፋ ቆማለች፤ ወይዘሮ የሺ ቀና ብለው ሊያይዋት አልደፈሩም። «በቃ፣ በገዛ አፌ አጠፋኋት» አሉ በልባቸው።

አቶ ሙሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ክትትሏ በየስንት ጊዜው ነው?»

«በየሦስት ወሩ» አሉ ወይዘሮ የሺ።

«ቀጣዩስ መቼ ነው?»

«በግንቦት መጀመሪያ።»

«እንግዲያው» አሉ አቶ ሙሴ ወደ ሌሎቹ ዞር ብለው፣ «ለግንቦት መግቢያ ያሰብነውን ሠርግ ወደ ወሩ መጨረሻ እንግፋው፤ ቀጠሮዋ እንዳያልፋት።»