በወለድሁበት ቀን የተፈረደብኝ ፍርድ

አከራዬ ጋሽ ምናለ «ውል አፍርሳለች» ብለው ከሰሱኝና በሌለሁበት «ቤቱን ትልቀቅ» ተብሎ ተፈረደብኝ። ውሳኔው እንዲነሳልኝ ልጄን አዝዬ ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ቆምሁ። ልጁ ያለቅሳል፣ እኔን ያልበኛል። «በቀጠሮው ቀን ለምን ቀረሽ?» አሉኝ ዳኛው። «በዚያው ጧት ወለድሁ ጌታዬ።» ጋሽ ምናለ ቀበል አርገው፣ «መውለዷን እኔ በምን አውቃለሁ?» አይሉም!

ይሄኔ ሚስታቸው እትዬ ጥሩነሽ ከኋላ ብድግ አሉ። «አንተ! እኔ አይደለሁ እንዴ ያዋለድኋት? እልልታችንን እየሰማህ አይደል እንዴ ከግቢ የወጣህ?» ሰው ሁሉ ሳቀ።

ውሳኔው ተነሳልኝ፤ ክርክሩ ግን እንደገና ይሰማል ተባለ። ስንመለስ እትዬ ጥሩነሽ ልጄን አዘሉልኝ፤ ጋሽ ምናለ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። የምንገባው አንድ ግቢ ነው። እስከ ቀጠሮው ድረስ በየጧቱ እንዴት አድርጌ «እንደምን አደሩ» እንደምላቸው ጨነቀኝ።