አልቃሻዋ መምህርት

ከመጋላ ሰፈር በሚሄድ ታክሲ ውስጥ እናትና ልጅ ከኋላዬ ተቀምጠዋል። ከወሬያቸው እንደገባኝ ሁለቱም በፈቃዳቸው በቀበሌ አዳራሽ ለሴቶች መሠረተ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ልጅቷ ፊደል ታስቆጥራለች፣ እናቷ በሶማሊኛ ታስተረጉማለች።

«እማ፣ እኔ አጭር ነገር ስናገር አንቺ ለምንድን ነው የምታስረዝሚው?»

«ሶማሊኛ ረጅም ነው።»

«አቦ ተይ። ትናንት ‹ነገ እንዳትቀሩ› ብቻ ነው ያልኩት። ሴቶቹ ሁሉ ‹ምስኪን፣ ምስኪን› አሉኝ።»

«በሶማሊኛ ሌላ ነው።»

«በሶማሊኛም ምስኪን ማለት ምስኪን ነው። አንዷማ አቅፋኝ ቴምር ሰጠችኝ። ምን ብለሻቸው ነው?»

«እንዳትቀሩ አልኳቸው።»

«ሌላስ?»

«ከቀራችሁ ልጄ ስታለቅስ ታድራለች አልኳቸው።»

«እማ፣ እኔ እኮ መምህርታቸው ነኝ።»

«መጀመሪያ ቀን ባዶ አግዳሚ ስናይ አልዋልንም? አሁን መቀመጫ ጠፍቷል።»



«እሺ፣ ዛሬ ፈተና አለ። አንዷ ብትወድቅ እናቴ ታለቅሳለች በያቸው።»

«ራስሽ ንገሪያቸው።»

«ሶማሊኛ አልችልማ።»

«እንግዲያው ማን እንደሚያለቅስ የምመርጠው እኔ ነኝ።»

«ያቺ ምስኪን ልጅ እንዳታለቅስብን» እያለች ምሳዬን ሳታቀርብልኝ ወደ ቀበሌው ፊደል ቆጠራ የምትሮጠው ሶማሊቷ ባለቤቴ ትዝ አለችኝና፣ መውረጃዬ ሲደርስ ዞር ብዬ እንኳ ሳላያቸው ወረድኩ።