ማርያማዊት ለእናቷ የነገረችው

እህቴ ሞጣ ላይ በሰላም ተገላግላ ስለነበር አራስ ልጠይቅ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቢቸና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከፊቴ ባለው ወንበር ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አዛውንትና አንዲት ወጣት ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አዛውንቱን ቢቸና ውስጥ የማያውቃቸው የለም፤ የቅኔ መምህሩ የኔታ ገብረ ክርስቶስ ናቸው። ወጣቷን አላውቃትም፤ ጭኗ ላይ የታቀፈችው የተማሪዎች ደብተር ግን ሥራዋን ይናገራል።

መኪናው ገና ከከተማው ሳይወጣ የኔታ ጠየቋት።

«የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?»

«የአቶ ምንይሉ ልጅ ነኝ፣ የኔታ። ብሩክታይት እባላለሁ። ሞጣ አስተምራለሁ።»

«የየጁቤው ምንይሉ? እኔ ዘንድ ቅኔ ቆጥሮ ነበር። ሳይጨርስ ወደ ንግድ ኮበለለ እንጂ!»

«እስካሁን ይቆጨዋል፣ የኔታ።»

«ይቆጨው! ተባረኪ። ልጅ ሲጠየቅ እንዲህ ነው የሚመልሰው።» ከዚያ ድምፃቸው ከበደ። «መምህር ከሆንሽማ ጉዴን ስሚ። የልጄ የባንቺዓለም ልጅ ማርያማዊት ሞጣ አምስተኛ ክፍል ናት። አሁን የምሄደው ላመጣት ነው። ከእንግዲህ ትምህርት ቤት የለ፣ ስልክ የለ። ቢቸና እኔ ዘንድ ተቀምጣ ዳዊት ትድገም።»

ወጣቷ ስሙን ስትሰማ ደነገጠች። «ምን አጥፍታ?»

«እሷ ምን አጠፋች! ትምህርት ቤቱ ነው። ወሬ የሚያወጣበት ቻናል አለው። በንባብ ውድድር አንደኛ ወጣች ብለው ፎቶዋን ከነስሟ፣ ከነክፍሏ ለጠፉት። ሳምንት ሳይሞላ አንድ የማይታወቅ ሰው በእናቷ ስልክ ጻፈላት። ልጅቷ የቤት ሥራ የምትሠራው በሱ ነው፤ ከዜናው ሥርም ‹አመሰግናለሁ› ብላ የጻፈችው በሱ ነበር። ‹የየኔታ ገብረ ክርስቶስ የልጅ ልጅ ነሽ አይደል? እኔም ደቀ መዝሙራቸው ነበርኩ› አላት። ቤታችሁ የት ነው አላት፤ መለሰች። በስንት ሰዓት ትወጫለሽ፣ በየት በኩል ትሄጃለሽ አላት፤ መለሰች። በመጨረሻ ፎቶ ላኪልኝ፣ ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪ አላት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለእናቷ ነገረቻት!»

ይህን ያሉት በቁጣ ነው። ለምን በቁጣ እንዳሉት እሳቸውም ያወቁ አይመስለኝም።

ብሩክታይት ደብተሮቿን አስተካከለች። «የኔታ፣ ያንን ዜና የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባንቺዓለም ትናንት ደውላ ነግራኛለች፤ ወዲያው አነሳሁት። ደስ ብሎኝ ነበር የጻፍኩት፤ ግን ጥፋት ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

የኔታ ዞረው አዩዋት። «በይ እንግዲህ! ሌባውን ፍለጋ ስሄድ ጎኔ ተቀምጦ አገኘሁት!»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። ሞጣ ጨርቅ የምትነግደው ሳቢራ ናት። «የኔታ፣ ሌባ እኮ እኔ ነኝ ብሎ አይናገርም።»

«አንቺ ደግሞ በሰው ዳኝነት አትግቢ!» አሉ፤ ፊታቸው ግን በመጠኑ ፈታ አለ።

ብሩክታይት በዝግታ ቀጠለች። «የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የእርስዎን ስም እኔ አልጻፍኩም። የማን የልጅ ልጅ እንደሆነችም አላውቅም ነበር። ሰውየው ከየት አገኘው?»

የኔታ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ ስልካቸውን አውጥተው አራቅ አድርገው እያዩ ጣታቸውን አመላለሱ። ደብረ ወርቅን ስናልፍ የፈለጉትን አገኙ።

«ለጽዋ ማኅበሩ ግሩፕ ልኬዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «‹ይህች የልጅ ልጄ ናት፣ መርቁልኝ› ብዬ። ማኅበርተኛው መረቀ። ለየዘመዱም ላከው።»

«ጥፋቱ የሁለታችንም ነው ማለት ነው።»

«እንግዲያማ ሁላችንም እንተወው! ቢቸና ወስጄ ከዚህ ሁሉ ላርቃት።»

«ቢቸና ስልክ የለም፣ የኔታ?»

«እጃቸው ላይ አለ!» አለች ሳቢራ። መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ የኔታም ጭምር።

ሳቁ ሲበርድ ግን ፊታቸው አዘነ። «የከነከነኝን ልንገርሽ። ‹ትልቅ ሰው ሲጠይቅሽ አታቀርቅሪ፤ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረሽ ተናገሪ› እያልኩ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ለዚያ ሰው የመለሰችው በእኔ ትምህርት ነው። ታዲያ አሁን ምን ልበላት? ባለጌ ሁኚ ልበላት?»

አንድ የቅኔ መምህር ይህን ለማለት ምን ያህል እንደሚከብደው አገሬው ያውቃል። ብሩክታይትም ያወቀች ይመስለኛል፤ መልሷን አለሰለሰችው።

«አይበሏት። እኔም ሲጠይቁኝ መለስኩልዎ፤ ፊትዎን እያየሁ፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ። በስልክ የሚጠይቃት ሰው ግን ፊት የለውም፤ ደቀ መዝሙር ነኝ ቢል መስካሪ የለውም። ለእንዲህ ያለው መልሱ ‹እናቴን ጠይቃት› ነው። ደግ ሰው ከሆነ እናቷን ይጠይቃል። ክፉ ከሆነ ይሸሻል።»

«እናቴን ጠይቃት…» የኔታ ቃሉን እንደ ተማሪ ቅኔ መዘኑት። «ስድብ የለበትም። ይሁን። ሆኖም ነገሩ አገር ሳይሰማ ብትመጣ ይሻላል። ዝም አይነቅዝም።»

«የልጅ ዝምታ ግን ይነቅዛል፣ የኔታ። ማርያማዊት ደፍራ ተናገረች። ነገ ጓደኞቿ ቦታዋን ባዶ ሲያዩት ምን ይማራሉ? የተናገረች ከትምህርት ቤት ትወጣለች የሚለውን። ከዚያ በኋላ ማን ይናገራል?»

የመለሰችው ሳቢራ ናት፤ አሁን አልሳቀችም።

«የኔታ፣ የእኔም ልጅ አንዴ እንዲህ ያለ ነገር ነግራኝ ነበር። ገረፍኳት። ከዚያ ወዲህ በር ስከፍት ስልኩን ትገለብጠዋለች። አላህ ይመስክር፣ ዱላዬ ያረፈው ልጄ ላይ ነው፤ ሰውየውንማ የት አገኘዋለሁ?»

ጉንደ ወይን ላይ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር የኔታ በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር። መኪናው ሲነሳ ጠየቁ። «ሰውየውንስ ምን አደረጋችሁት?»

«ባንቺዓለም ብልህ ናት። መልእክቱን አላጠፋችም፤ እንዳለ ለፖሊስ አሳየች፤ ከዚያ በኋላ ዘጋችበት። ልጅቷንም ሰውየው እስኪያዝ ድረስ በሌላ መንገድ ራሷ ትመልሳታለች።»

«የእኔ ልጅ ነች» አሉ የኔታ።

ሞጣ መናኸሪያ ስንደርስ ባንቺዓለም ልጇን ይዛ ቆማለች። ማርያማዊት የትምህርት ቤት ቦርሳዋን በጀርባዋ፣ የልብስ ፌስታል በእጇ ይዛለች፤ ለመሄድ ተዘጋጅታለች ማለት ነው። አያቷን ስታይ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል እጇን ይዘው አስቀሩዋት።

«ለእናትሽ እንድትነግሪ ማን መከረሽ?»

ልጅቷ ብሩክታይትን አይታ አቀረቀረች። «ቲቸር… ‹ለእናትሽ አትንገሪ የተባልሽውን ነገር መጀመሪያ ለእናትሽ ንገሪ› ብላናለች። የኔታ፣ ቤታችንን በመናገሬ ይቆጡኛል?»

የኔታ ጥምጥማቸው እስኪዛባ ዝቅ ብለው ግንባሯን ሳሙ። «እናቴ፣ አመሰግንሻለሁ። አልቆጣሽም፤ አልወስድሽም። ፌስታሉን ለእኔ ስጪኝ፤ ነገ ትምህርት ቤትሽ ድረስ እኔ ነኝ የማደርስሽ።» ባንቺዓለም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

የኔታ ያን ሳምንት ሞጣ ቆዩ። ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ሰበሰበ፤ የእህቴ ትልቋ ልጅም እዚያ ስለምትማር አራሷን ወክዬ ሄድኩ። የኔታ ብድግ ብለው የላኩትን ሁሉ፣ ያጠፉትንም ሁሉ ሳይደብቁ ተናገሩ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው» አሉ። «እኔ በእርጅናዬ ከአንዲት ወጣትና ከአንዲት ሕፃን ተማርኩ፤ አላፍርም።» ብሩክታይትም ይቅርታዋን በሁሉ ፊት ደገመች። ከዚያ በኋላ በአንድ ቃል ተስማማን። ቻናሉ የትምህርት ቤቱን ዜና ያወራል፤ የልጅ ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይወጣም፤ ቢወጣም ስሙና ክፍሉ አይጻፍም። ልጅ ስልክ የሚይዘው ትልቅ ሰው ባለበት ነው። የማያውቁት ሰው ሲጽፍ መልሱ «እናቴን ጠይቃት» ነው፤ ከአባቱ ጋር የሚኖር «አባቴን» ይላል። ከሁሉ በላይ፣ ደፍሮ የተናገረ ልጅ ይመሰገናል እንጂ አይገረፍም። ሳቢራ ከኋላ «እኔም ልጄን ይቅርታ ጠይቄያለሁ» አለች፤ በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆች ብዙ ነገር ለእናቶቻቸው መናገር እንደጀመሩ ብሩክታይት አጫውታኛለች። አብዛኛው ተራ ነገር ነው፤ ሁለቱ ግን ተራ አልነበሩም፤ በጊዜ ተደረሰባቸው። በዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ አንዲት ልጅንም አመሰግናለሁ።

ከስብሰባው ስንመለስ የእህቴ ትልቋ ልጅ እጄን ይዛ ትሄድ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍል ናት። ቤት ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን እጄን ሳብ አደረገችው።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ብነግርሽ አትቆጪኝም?»

ቆምኩ። መንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ዐይኗን እያየሁ፣ «ንገሪኝ» አልኳት።